ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ የቀባኋቸው ስድስት ምልክቶች

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳቁ፤ እማዬም ስቃለች። ግን ሥራ ሠርቶ፣ አለቃ ኖሮት፣ ደመወዝ ተቀብሎ፣ አንድ ትልቅ ጥፋት አጥፍቶ፣ በመጨረሻ ብሩሹን አጥቦ ያስረከበ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ከሰኞ ጀምሮ ኦርሊኮን ውስጥ አንድ ፋብሪካ ንድፍ ክፍል ሌረ እገባለሁ። ሌረ ማለት እየሠሩ መማር ነው፤ ለእኔ ግን አራት ዓመት ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልችልም። ይህንን ራሱ ግማሹን ባቡር ላይ፣ ግማሹን ወጥ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ወንበሩ ሳይዘኝ የሠራሁትን ልጻፍ።

ሥራዬ መንገድ ላይ ምልክት መቀባት ነበር። የመኪና መንገድ አይደለም። ከዙሪክ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቅ አንዲት ትንሽ የገበሬ መንደር አለች። ስሟን አልጽፍም፤ ገበሬዎቿ አማርኛ ባያነቡም አልጽፍም። በዙሪያዋ በጫካ፣ በወንዝ ዳር፣ በላም ግጦሽ መሀል የሚዞሩ አራት የእግር መንገዶች አሉ። እዚህ አገር ሰው እሁድ እሁድ የትም ሊደርስ ሳይሆን ዝም ብሎ ሊሄድ ከቤቱ ይወጣል። ይህንን መጀመሪያ ለእማዬ ስነግራት፣

"የት ነው የሚሄዱት?" አለችኝ።

"የትም። ዞረው ዞረው እዚያው ይመለሳሉ።"

"ምን አጥፍተው?"

የመጀመሪያ አለቃዬ ግን ዙሪክ አልነበረም። ከእማዬ ጋር ከአዲስ አበባ ስንወጣ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ያረፍነውም ጄኔቫ ነው። አሥራ አራት ሲሞላኝ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ካርታ ከሚሸጥ ሙሴ ረኔ፣ ማለት አቶ ረኔ፣ ከሚባል ሽማግሌ ዘንድ ገባሁ። ጎበዝ ስለሆንኩ የቀጠረኝ አይመስለኝም። ከጠረጴዛው ፊት ስመላለስ አይቶ፣ "አንቺ ልጅ፣ መቆም ካልቻልሽ እነዚህን ሳጥኖች ከመኪናው አውርጂልኝ" አለኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ከሙሴ ረኔ የተማርኩት ካርታ ማጠፍ ነው። ቀላል ይመስላል። አሮጌ ካርታ ግን የራሱ እጥፋት አለው፤ በግድ አዲስ ሲያበጁለት በዚያው ላይ ይቀደዳል። በጣት ዳበስ አድርጎ እጥፋቱ ወዴት መሄድ እንደለመደ ማወቅ፣ ከዚያ እሱን መከተል ነው። ይህን ሁሉ እያስተማረኝ ሲጋራውን አመዱን ሳያራግፍ በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ያንጠለጥለው ነበር። አሁን ድረስ ሳስበው እጄ ውኃ ፍለጋ ይሄዳል።

አንድ ቀን ከሳጥን ሥር የአንዲት የእንግሊዝ መንደር ካርታ አገኘሁ። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ድልድይ፣ ሃያ የማይሞሉ ቤቶች፤ ሌላ ምንም የለም። ከመንደሯ ግን በየአቅጣጫው ነጠብጣብ መስመሮች ይወጣሉ፤ እርሻውን ሰንጥቀው፣ አጥሩን ተሻግረው።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አልኩት።

"የእግር መንገድ።"

"በሰው ማሳ ላይ?"

"እንግሊዞች እንዲህ ናቸው። መስመሩ ካርታው ላይ ካለ ማንም ያልፋል። ባለቤቱ ቆሞ ያያል።"

ደስ አለኝ፤ በጣም። እማዬ ደብረ ዘይት አክስቴ ዘንድ ለመሄድ እንኳ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ስታስወጣ አይቻለሁ። ማንንም ሳይጠይቁ በሰው ማሳ መሀል ማለፍ የሚቻልበት አገር አለ ማለት ለእኔ ተረት ነበር። በማግስቱ ሒሳብ ክፍል ተቀምጬ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ ስሄድባት ዋልኩ። ይህቺ መንደር በኋላ ጣጣ አምጥታብኛለች፤ እዚያ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

አሥራ አምስት ሳይሞላኝ እማዬ ዙሪክ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሥራ አገኘችና ሽሊረን ገባን፤ ቤት እዚያ ይረክሳል። ፈረንሳይኛዬን ይዤ ጀርመንኛ የሚናገሩ ልጆች መሀል ተቀመጥኩ። ጓደኛ የለኝ፣ ገበያ የለኝ፣ ሙሴ ረኔ የለኝ። ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ነበር ኑሮዬ።

"ሰኒ፣ ምንጣፉን ጨረስሽው እኮ። አንድ ቦታ ተቀመጪ።"

"ተቀምጫለሁ።"

"እግርሽ አልተቀመጠም።"

ዙሪክ ያለነው ኢትዮጵያውያን ካህን ሲመጣልን በውሰት አዳራሽ እንሰበሰባለን። አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እማዬ ጋሽ ደምሴን ይዛ እንባ ቀረሽ ስሞታ ታሰማለች፤ ስሞታው እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ አዲስ አበባ መንገድ ቀያሽ ነበሩ። ለአጭር ሥልጠና ስዊስ መጥተው ሳለ፣ ሰዎች ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጥተው እንደፈለጓቸው ሰሙ፤ በዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው እትዬ ሙሉ አዲስ አበባ ቀሩ። ጋሽ ደምሴ በአዘቦት ቀን ሽሊረን አንድ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ያነሣሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ያቺ መንደር ሄደው፣ ጉልበቱን ያመመውን የመንደሩን ምልክት ቀቢ ተክተው ይሠራሉ።

"ቅዳሜ ምን ትሠራለች?" አሉ እኔን ሳያዩኝ።

"ታናድደኛለች።"

"ስጪኝ።"

እንዲህ ነው የተቀጠርኩት።

ምልክታችን በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ቢጫ አራት ማዕዘን ነው፤ መዳፍ ያክላል። ዛፍ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ፣ ድንጋይ ላይ ይቀባል። መጀመሪያ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ነው፤ ዛፉን ሳያቆስሉ፣ ሽበቱን ብቻ። ከዚያ መሀሉ በምልክቱ ቅርጽ የተቀደደውን ቆርቆሮ መለጠፍ፣ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ጫፉን ብቻ መንከር፣ መጎተት ሳይሆን ጠቅ ጠቅ ማድረግ። ከጎተቱት በቆርቆሮው ሥር ይሾልክና ምልክቱ ያለቅሳል። የእኔ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ሁሉ አልቃሾች ነበሩ። ጋሽ ደምሴ በቢላዋ እየፋቁ፣ "ይሄኛው ደግሞ ማን ሞቶበት ነው?" ይላሉ።

ዋናው ሥራ ግን ቅቡ አልነበረም፤ የት እንደሚቀባ ማወቁ ነው። መንገድ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ ቦርሳቸውን ያስቀምጡና፣ "በል፣ መጀመሪያ እንጥፋ" ይላሉ። ለራሳቸው ነው "በል" የሚሉት። ከዚያ ትክክለኛውን ትተን የተሳሳተውን መንገድ እንይዛለን። ሰው "ኧረ እዚህ አይደለም" ብሎ የሚቆመው የት ላይ ነው? እዚያ እስክንደርስ እንሄዳለን። አንዳንዴ ሃያ እርምጃ ነው፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። ስንመለስ ምልክቱ የት መሆን እንዳለበት ይታወቃል። ከመስቀለኛው በፊት አንድ፣ እላዩ ላይ አንድ፤ ከዚያ ሠላሳ እርምጃ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ። ይህን ሦስተኛውን "ማጽናኛ" ይሉታል። መንገዱን አስቀድሞ የያዘ ሰው አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ልቡ ለሚጠራጠር ነው። ጋሽ ደምሴ ስለ ማጽናኛ ሲያወሩ ድምፃቸው ራሱ ዝቅ ይላል።

በሳምንቱ ያንኑ መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንሄደዋለን፤ ከዚያኛው በኩል የሚመጣም ሰው አለና። በበረዶ ጊዜ ያየነውን በሰኔ ደግሞ እናየዋለን፤ ቅጠል ሲወጣ ግማሹ ምልክት ይሸፈናል። ለእኔ እንዲህ ያለ ሥራ ገነት ነበር። መሄድ፣ መመለስ፣ እንደገና መሄድ፤ ለዚያውም እየተከፈለኝ።

አንድ ጠባያቸውን ብቻ አልወደውም ነበር፤ ምሳ ሲበሉ የሚያኝኩት ቀስ ብለው ነው። እኔ ዳቦዬን ውጬ ተነሥቼ እቆማለሁ።

"ሰኒ፣ ዛፉ የትም አይሄድም።"

"እኔ እሄዳለሁ፣ ጋሼ።"

"እሱንስ አይቻለሁ።"

ከአራቱ መንገዶች አንዱ፣ ወደ አሮጌው ወፍጮ ቤት የሚወስደው፣ የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሰንጥቆ ያልፋል። በላይኛው በር ይገባል፣ በመቃብሮቹ መሀል በደረጃ ይወርዳል፣ በታችኛው በር ይወጣል። ለመንደሩ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ አሮጊቶቹ አበባ እያጠጡ "ግሩኤትሲ" ብለው ሰላምታ ሰጥተው ያሳልፋሉ። ጋሽ ደምሴ ግን በሩ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ያማትባሉ፣ በሩን ሳም አድርገው የሰው ቤት ልጅ እንዳይቀሰቅስ እንደሚራመድ ሰው በእግራቸው ጫፍ ያልፋሉ። "ፕሮቴስታንት እኮ ናቸው፣ ጋሼ" ብላቸው፣ "መስቀሉ ላይ አልተጻፈም" አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ እየደረስኩ ነው። ምን ሊጠፋ እንደነበር አስቀድሜ ልንገራችሁ።

የመንደሩ ሽማግሌ ቀቢ ጉልበቱ ጨርሶ እምቢ አለውና ሊያቆም ሆነ። ገማይንደው፣ ማለት የመንደሩ ጽሕፈት ቤት፣ ቦታውን ለጋሽ ደምሴ በቋሚነት ለመስጠት አሰበ። ይህ ቋሚ ሥራ ማለት ነው፤ ቋሚ ሥራ ማለት ደግሞ ሚስት የማስመጣት ፈቃድ ማለት ነው። እትዬ ሙሉ ከስንት ምልልስ በኋላ ከአዲስ አበባ መውጫ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ፈቃዱ ግን የሚያበቃበት ቀን አለው። ሁለቱ ወረቀቶች መገናኘት ነበረባቸው። አምና ግንቦት መጨረሻ ላይ የመንደሩ የእግር ጉዞ እሁድ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ፍራው ኬለር ለጋሽ ደምሴ፣ "እሁድ ደህና ካለፈ በሚቀጥለው ስብሰባ ያልቃል" አለቻቸው።

ከእሁዱ በፊት ባለው ቅዳሜ መጋዘኑ ጋሽ ደምሴን አልለቅ አለ። የቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ወፍጮው ያለው ብቻ ነው፤ የድሮው ምልክት ተፍቋል፣ አዲሱ አልተቀባም። ስድስት ምልክት።

"ብቻሽን ትችያለሽ?" አሉኝ።

"እችላለሁ" አልኩ። ቤት ስደርስ ለእማዬ ሦስት ጊዜ ነገርኳት።

ቅዳሜ ጠዋት የወር አበባዬ መጣ። ይኸው ጻፍኩት። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ዓመት አልፎኛል።

ቀለሙን ይዤ በቅጥሩ በር ላይ ቆምኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ስትሆኚ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገቢም። እማዬ አትገባም፣ አክስቴ አትገባም፣ እኔም አልገባም። ግን ይሄ የፕሮቴስታንት ነው፤ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ጋሽ ደምሴ በሩን ሲስሙ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይቆጠራል። ደግሞ እንግዲህ ካልተቆጠረስ? አንድ እግሬን አነሣሁ፣ መለስኩ። አንዲት አሮጊት የውኃ ማጠጫዋን ይዛ፣ "ግቢ፣ ግቢ፣ ክፍት ነው" አለችኝ። ፈገግ አልኩላት። የስልክ ሳጥን መንገዱ ማዶ አለ። ለማን ልደውል? እማዬ ማጠቢያ ክፍል ናት፤ ስልክ አያቀርቡላትም። ለጋሽ ደምሴስ? ምን ብዬ?

በቅጥሩ ግንብ በውጭ በኩል ሣር አለ። እስከ ወገቤ የደረሰ ሣር፤ መሀሉ ላይ ቀይ አበባ የተነሰነሰበት። ከሣሩ ማዶ የወፍጮው ጣሪያ ይታያል። ያቺ የእንግሊዝ መንደር ትዝ አለችኝ፤ ማሳውን ሰንጥቆ የሚሄደው ነጠብጣብ። ጋሽ ደምሴ "ሳይታጨድ ሣር አይረገጥም" ብለውኛል፣ አዎ ብለውኛል። እኔ ግን አንድ ቀን ምን ይሆናል አልኩ። ለእኔ ሣር ሣር ነው። የፕላንፓሌ ልጅ ነኝ።

ስድስቱን ምልክቶች በሣሩ መሀል ባሉት የአጥር እንጨቶች ላይ ቀባኋቸው። እንደዚያን ቀን ያማረ ምልክት ቀብቼ አላውቅም። አንድም አላለቀሰም። ማጽናኛውን እንኳ በሠላሳ እርምጃ ለክቼ ነው ያኖርኩት።

ማታ ጋሽ ደምሴ ደወሉ።

"ጨረስሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

"በቤተ ክርስቲያኑ በኩል?"

"አዎ፣ በዚያ በኩል።"

እሁድ ጋሽ ደምሴ፣ ፍራው ኬለርና እኔ ወፍጮው ጋ ቆመን እንጠብቃለን። ሰዎቹ መምጣት የነበረባቸው ከታችኛው በር ነው። የመጡት ግን ከሣሩ ውስጥ ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ድረስ የሣር ፍሬ ለብሶ፣ ሕፃን ትከሻ ላይ ተሸክመው፣ እየሳቁ፣ ሰባ ሰማንያ ሰው። በዚያ ቅጥር ውስጥ ተጠምቀው፣ ተድረው ያረጁት የመንደሩ ሰዎች እንኳ ምልክቱን ተከትለው በሣሩ መጥተዋል። እዚህ አገር ሰው ምልክት ካየ ይከተላል፤ ምልክቱ ደግሞ በደንብ ይታያል። ከኋላቸው የተኛው ሣር ትራም ያለፈበት ይመስል ነበር። ከሁሉ በኋላ የሣሩ ባለቤት፣ ገበሬው ብሩነር፣ ብቻውን መጣ፤ እጁን አጣምሮ።

"ማክሰኞ ላጭደው ነበር" አለ። አልጮኸም። "አሁን ምን ላድርገው? የተረገጠ ሣር ማጨጃው አይቆርጠውም። የላሞቼ የበረዶ ወራት ቀለብ ነው።"

ፍራው ኬለር ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች። "መንገዱ በቅጥሩ ውስጥ አይደለም እንዴ? ይህን ማን ቀባው?"

ጋሽ ደምሴ ሣሩን አዩ፣ ግንቡን አዩ፣ እኔን አላዩኝም።

"ምልክቱ የእኔ ነው" አሉ በጀርመንኛ። "ተሳስቻለሁ።"

ፍራው ኬለር ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ አጭር ነበር።

ባቡር ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ አልተንቀሳቀሰም። ሽሊረን ልንደርስ ስንል፣

"ሰኒ፣ ለምን?" አሉኝ።

"በሩ ተዘግቶ ነበር።"

በሩ ቁልፍ የለውም። ያውቃሉ። እሺ እንደሚል ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወዲያ ደግመው አልጠየቁኝም። ቢጮሁብኝ በወደድኩ።

የገማይንደው ስብሰባ ውሳኔውን ወደሚቀጥለው ዓመት አስተላለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መቀጠል ይችላሉ ተባለ። ነሐሴ ላይ እማዬ ልብስ እያጠፈች፣ እንደ ተራ ወሬ፣ "የእትዬ ሙሉ መውጫ ፈቃድ ጊዜው አለፈ አሉ። እንደገና ከቀበሌ ሊጀምሩ ነው፣ ምስኪን" አለች። ተነሥቼ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር። "ደግሞ ጀመረሽ" አለች እማዬ።

መስከረም ላይ የጫካውን መንገድ እያደስን ነበር። እኔ የአንዱን ዛፍ ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ እፈገፍጋለሁ፤ የነጣውን እንደገና፣ እንደገና። ዛፉን እያየሁ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ በሩን፣ አሮጊቷን፣ የስልክ ሳጥኑን። ያንን ቃል ራሱን አልኩት። ለወንድ ሰው ነግሬው የማላውቀውን ማለቴ ነው።

ቦርሳቸውን አስቀመጡና የዛፉ ሥር ላይ ቁጭ አሉ።

"ያን ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ" ብለው ጀመሩና ተዉት። "አይ፣ አትነግሪኝም። እንዴት ብለሽ ትነግሪኛለሽ" አሉ።

"ይቅርታ፣ ጋሼ።"

"ስንት ዓመት በዚያ በር ገባሁ። ባርኔጣዬን አወልቃለሁ፣ እስማለሁ፣ አልፋለሁ። በየመስቀለኛው መጀመሪያ እንጥፋ እያልኩ ስደክም፣ እዚያ በር ላይ መጥቶ መግባት የማይችል ሰው ይኖራል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። አንቺ ሣሩን አጥፍተሻል። ሣሩ የአንቺ ነው። በሩ ግን የእኔ ነው።"

ከዚያ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። "ነይ። ገበሬው ጋ እንሂድ።"

"አሁን?"

"ዛሬ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።"

ብሩነር በረቱ ደጅ ቆሞ ሰማን። ጋሽ ደምሴ በግንቡ ጥግ፣ ሣሩን ሳይነካ፣ አንድ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ ይስጠን አሉ።

"በቅጥሩ ውስጥ መንገድ አለ" አለ ብሩነር።

"በዚያ ማለፍ የማይችል ሰው አለ።"

"ማን?"

ጋሽ ደምሴ መልስ ፍለጋ ሰማይ ሰማይ አዩ። "እኔ" አልኩ። ገበሬው አየኝ። ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እናቱ ከወጥ ቤት መስኮት፣ "ስጣቸው አንተ፣ በዚያ ደረጃ የሕፃን ጋሪ አይወርድም። አንተን ስገፋ እኔ አላውቅም?" አለች። ብሩነር ጆሮውን አከከ። አንድ ክንድ ተኩል ስፋት ሰጠን፤ በአንድ ውል። የሚመጣው ግንቦት እኔ መጥቼ ሣሩን ከእሱ ጋር ልሰበስብ።

ዘንድሮ ግንቦት ሰበሰብኩ። ሦስት ቀን። መዳፌ ውኃ ቋጠረ፣ አንገቴ ተላጠ፣ ሣር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። በሦስተኛው ቀን ብሩነር፣ "ከተሜ፣ ሰው መሆን ጀመርሽ" አለኝ። በፍራው ኬለር መዝገብ ላይ አዲሱ መንገድ "ለሕፃን ጋሪ" ተብሎ ተጽፏል። በግንቡ ጥግ ስድስት ምልክት ቀባሁለት። ቅጥሩ ውስጥ ያለውም እንዳለ ነው።

በፀደይ ስብሰባ ሥራው ለጋሽ ደምሴ ሆነ። እትዬ ሙሉም አዲስ ፈቃድ አገኙ፤ ባለፈው ወር መጡ። እማዬ አበባ ይዛ አየር ማረፊያ ስትሄድ ሆዴን አመመኝ ብዬ ቤት ቀረሁ። ጋሽ ደምሴ በደብዳቤ የነገሯቸው ውሳኔው መራዘሙን ብቻ ነው። ስለ እኔ አንድ ቃል አልጻፉም። ይህ ከሁሉ ባሰብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ፣ ጋሽ ደምሴ መሰላሉን ጠግነው እስኪመጡ ድረስ እትዬ ሙሉን የወፍጮውን መንገድ እንዳሳያቸው ሰጡኝ። እትዬ ሙሉ ቀጭን ናቸው፤ ሲሄዱ ድምፅ የላቸውም። አገሩን አያደንቁም፣ አያማርሩም፣ ያያሉ። እኔ ሦስት እርምጃ እየቀደምኩ፣ እየተመለስኩ፣ እየቀደምኩ ነበር።

"ልጄ፣ የሚያባርርሽ አለ?" አሉኝ።

"እትዬ ሙሉ፣ ውሳኔው የተራዘመው በማን እንደሆነ ጋሼ ነግረውዎታል?"

"በመንደሩ ሰዎች ነው ያለኝ።"

"በእኔ ነው።"

መንገዱ ላይ ቆምን። ነገርኳቸው። ይህን ጊዜ የማየው ዛፍ አልነበረም፤ እሳቸውን አይቼ ነው የነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

"ዓመት ነው እኮ" አሉ።

"አዎ።"

"ያቺ የቀበሌ ጸሐፊ እኔ ስመጣ፣ እንዳልቀመጥበት፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ታዞረው ነበር። ሁለተኛ ስጀምር።"

እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በመንገዱ ትንሽ ሄድን።

"እናቴ ጥር ላይ ነው ያረፈችው" አሉ። "በመጀመሪያው ወረቀት መጥቼ ቢሆን ኖሮ ሰው ነበር የሚቀብርልኝ። እኔው አጥቤ፣ እኔው ገንዤ ቀበርኳት።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ይህን የምነግርሽ ደስ እንዲልሽ አይደለም። ዓመቱ ረጅም ነበር። እንዲሁ ሁለቱንም እወቂው ብዬ ነው።"

"እሺ" አልኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ደረስን። ክፍት ነው፤ ውስጥ አንዲት ሴት አበባ ታጠጣለች። እትዬ ሙሉ ቆሙ፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ሳብ አደረጉ፣ ወደ መስቀሉ ጎንበስ ብለው አማተቡ።

"ይገባሉ?" አልኳቸው።

"ዛሬ በልቻለሁ። በውጭ የለም መንገድ?"

"አለ።"

ወደ ግንቡ ጥግ ዘወር ብለው የመጀመሪያውን ምልክት አገኙት። እጃቸውን አንሥተው ቢጫውን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ቀለም ይዞ እንደሆነ ጣታቸውን አዩ።

"ይሄ ነው?"

"እሱ ነው።"

"በደንብ ይታያል" አሉና ፊት ፊት ሄዱ።